የሰው ድምፅ በጥቂት ቢት፦ ሞዴሉ ስለ ጉሮሯችን ምን ያህል ያውቃል?

መግቢያ

እስቲ "ማን መጣ?" እና "ማን መታ?" የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች ጮክ ብላችሁ ተናገሯቸው። ልዩነታቸው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ትርጉሙ ግን እጅግ ይራራቃል፤ አንደኛው እንግዳ ለመቀበል፣ ሌላው ጠብ ለመገላገል ያስነሣል። ፊት ለፊት ስንነጋገር "ጠ" እና "ተ" ለማንም አያስቸግሩም። ነገር ግን ድምፃችን በሬዲዮ ወይም በሳተላይት ስልክ በሰከንድ 2400 ቢት ብቻ ሆኖ ሲጓዝ ሁለቱ ተለይተው ይደርሳሉ ወይ?

ጥያቄው የቋንቋ ጥናት ይመስላል እንጂ የኛው የምህንድስና ጥያቄ ነው። ምክንያቱም በዚህን ያህል ትንሽ ቢት የሚጓዘው ድምፁ ራሱ ሳይሆን ስለ ተናጋሪው ጉሮሮና አፍ የተጻፈ አጭር መግለጫ ነው። መግለጫው የሚጻፍበት ቅጽ ደግሞ አስቀድሞ የተወሰነ ነው። በቅጹ ላይ ቦታ ያልተሰጠው ነገር ምንም ብንጮህ አይሄድም። በዚህ ጽሑፍ ቅጹ እንዴት እንደተዘጋጀ፣ ምን ምን እንደያዘ፣ የኛን "ጠ፣ ቀ፣ ጨ" ያሰበበት መሆን አለመሆኑን፣ በመጨረሻም እኛ ተማሪዎች በቀላሉ ልንሠራው ስለምንችለው ሙከራ ለማየት እንሞክራለን።

ለምን መጭመቅ አስፈለገ?

በዲጂታል ኮሚዩኒኬሽን ትምህርት እንደተማርነው የስልክ ድምፅ ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ባለው ክልል ይወሰንና በሰከንድ 8000 ናሙና ይወሰድለታል። እያንዳንዱ ናሙና በ8 ቢት ሲጻፍ 8000 × 8 = 64,000 ቢት በሰከንድ ይሆናል። ይህ ፒሲኤም የምንለው ነው። የአንድ ደቂቃ ንግግር በዚህ መንገድ 480,000 ባይት ይወስዳል። በሰከንድ 2400 ቢት ከሆነ ግን ያው አንድ ደቂቃ 18,000 ባይት ብቻ ነው፤ ከ26 እጥፍ በላይ ያነሰ ማለት ነው።

ሽቦ ባለበት ቦታ 64,000 ቢት ምንም አይደለም። ሬዲዮ ላይ ግን የፍሪኩዌንሲ ክልሉ ውስን ነው፤ ሳተላይት ላይ ደግሞ ኃይሉም ውስን ነው። የኢሪዲየም የሳተላይት ስልክ ድምፅን በ2400 ቢት ገደማ የሚልከው ለዚህ ነው። በአጭር ሞገድ የሚሠሩ ዲጂታል ሬዲዮዎችም ከዚህ ብዙም አይርቁም። እንግዲህ ኔትወርክ በማይደርስበት በረሃ ወይም ተራራ ላይ ያለ የእርዳታ ሠራተኛ፣ ሐኪም ወይም ወታደር የሚነጋገረው በነዚህ መስመሮች ነው።

ታዲያ እስከ ስንት ድረስ መውረድ ይቻላል? ቀለል ያለ ሂሳብ እንሥራ። ሰው ሲናገር በሰከንድ ከ10 እስከ 15 ያህል ተነባቢና አናባቢ ድምፆች ያወጣል። የአንድ ቋንቋ ልዩ ልዩ ድምፆች 40 ገደማ ናቸው ብንል አንዱን ለመለየት 6 ቢት ይበቃል። 15 × 6 = 90 ቢት በሰከንድ! የተነገረው ቃል ብቻ ቢሆን የሚፈለገው ይሄው ነበር። በ90 እና በ64,000 መካከል ያለው ሰፊ ክፍተት ተናጋሪው ማን እንደሆነ፣ መቆጣቱን፣ መሳቁን፣ ማዘኑን የሚነግረን ነው። ከዚህም የሚበልጠው ግን ጆሯችን የማይፈልገው ዝርዝር ነው። የድምፅ ኮዲንግ ሥራ ይህንን ዝርዝር አውቆ መተው ነው።

ጉሮሮ እንደ ማሲንቆ

ድምፅን ለመግለጽ የሚያገለግለው ሞዴል የምንጭና የማጣሪያ ሞዴል ይባላል። ለመረዳት ማሲንቆን ማሰብ ይጠቅማል። የፈረስ ጭራው ጅማት ሲፋተግ የሚወጣው ድምፅ ለብቻው ቢሆን ቀጭንና ደካማ ነው። በቆዳ የተለበጠው ሳጥን ግን አንዳንዱን ፍሪኩዌንሲ አጉልቶ፣ ሌላውን አደብዝዞ የማሲንቆን ድምፅ ያስወጣዋል። ጅማቱ ምንጭ ነው፤ ሳጥኑ ማጣሪያ ነው።

የሰው ድምፅም እንዲሁ ነው። ከሳንባ የሚወጣው አየር ማንቁርት ውስጥ ባሉት የድምፅ አውታሮች በኩል ሲያልፍ አውታሮቹ ይነዝራሉ። በአማካይ ሲታይ የወንድ አውታር በሰከንድ ከ100 ጊዜ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ የሴት 200 ጊዜ ገደማ፣ የሕፃን ከዚያም በላይ ይነዝራል። ይህ ምንጩ ነው። ከማንቁርት እስከ ከንፈር ያለው ቱቦ ደግሞ ማጣሪያው ነው። ከማሲንቆው የሚለየው ሳጥኑ ቅርጹን የማይቀይር ሲሆን አፋችን ግን በየጊዜው ቅርጹን የሚቀይር መሆኑ ነው። "አ" ስንል ምላሳችን ይወርዳል፣ "ኢ" ስንል ወደ ፊት ይወጣል፣ "ኡ" ስንል ከንፈራችን ይሾላል። ምንጩ አንድ ሆኖ ማጣሪያው ስለተቀየረ ሦስት አናባቢዎች ሰማን።

ምንጩ ሁለት ዓይነት ነው ይላል ሞዴሉ። አውታሮቹ ሲነዝሩ ነዛሪ ድምፅ ይወጣል፤ አናባቢዎች በሙሉ፣ እንዲሁም ለ፣ መ፣ ዘ፣ በ የመሳሰሉት። አውታሮቹ ተከፍተው አየሩ በጠባብ ቀዳዳ ሲፋጭ ደግሞ ኢነዛሪ ድምፅ ይወጣል፤ ሰ፣ ሸ፣ ፈ። የመጀመሪያው በእኩል ጊዜ በሚደጋገም ምት ይወከላል፣ ሁለተኛው በነጭ ጫጫታ። በቃ፣ ሦስተኛ የለም። ይህችን "ሦስተኛ የለም" የምትለዋን ነገር ያዟት፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ከወናፍ እስከ ቮኮደር

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ቮልፍጋንግ ፎን ኬምፔለን እ.ኤ.አ. በ1791 ባሳተመው መጽሐፍ የሚናገር ማሽን ገልጿል። በሳንባ ፈንታ ወናፍ፣ በድምፅ አውታር ፈንታ የምትርገበገብ ስስ ምላስ፣ በአፍ ፈንታ ደግሞ በእጅ የሚጨበጥ ቱቦ ነበረው። ምንጭና ማጣሪያ ማለት ይኸው ነው፤ ኤሌክትሪክ ብቻ ነው የጎደለው።

ኤሌክትሪኩን ያመጣው በአሜሪካ የቤል ላቦራቶሪ መሐንዲስ የነበረው ሆመር ደድሊ ነው። ደድሊ በ1930ዎቹ ቮኮደር የተባለውን መሣሪያ ሠራ። የአፍ እንቅስቃሴ ከድምፁ ሞገድ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ዝግ ያለ መሆኑን አስተዋለ። ምላስና ከንፈር በሰከንድ ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው ቅርጻቸውን የሚቀይሩት። ስለዚህ ሞገዱን ከመላክ ይልቅ የቅርጹን ለውጥ መላክ ይበቃል አለ። ከዚሁ ሥራ የተገኘው ቮደር የተባለው ማሽን እ.ኤ.አ. በ1939 በኒው ዮርክ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ለሕዝብ ቀርቦ፣ ሠልጣኝ ሴቶች እንደ ፒያኖ እየተጫወቱት ይናገር ነበር።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቮኮደር ለምሥጢር አገልግሎት ዋለ። እ.ኤ.አ. በ1943 ሥራ የጀመረው ሲግሳሊ የተባለው ሥርዓት በዋሽንግተንና በለንደን መካከል የመሪዎችን ንግግር በ10 የፍሪኩዌንሲ ክፍሎች ከፋፍሎ፣ በቁጥር ቀይሮ፣ አመሳጥሮ ያስተላልፍ ነበር። የአንዱ ጣቢያ መሣሪያ ክብደት ከ50 ቶን በላይ ነበር። ዛሬ ያንን ሥራ ከጥፍር የምታንስ ቺፕ ትሠራዋለች።

ሊኒየር ፕሪዲክሽን (መስመራዊ ትንበያ)

ቮኮደር ማጣሪያውን የሚገልጸው የእያንዳንዱን የፍሪኩዌንሲ ክፍል ጉልበት በመለካት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ግን በጃፓን ኢታኩራና ሳይቶ፣ በቤል ላቦራቶሪ ደግሞ አታልና ሽሮደር የተሻለ መንገድ አገኙ። ሐሳቡ በአጭሩ እንዲህ ነው። የድምፅ ናሙናዎች እንደ ሎተሪ ቁጥር የተበታተኑ አይደሉም፤ የሚቀጥለውን ካለፉት መገመት ይቻላል። ስለዚህ፦

የሚገመተው ናሙና = (ሀ1 × የመጨረሻው ናሙና) + (ሀ2 × ከሱ በፊት ያለው) + … + (ሀ10 × አሥረኛው ወደ ኋላ)

እነዚህን ከሀ1 እስከ ሀ10 ያሉትን አሥር ቁጥሮች የምንመርጠው የግምቱ ስህተት በካሬ ተደምሮ ከሁሉ ያነሰ እንዲሆን ነው። ይህ አሥር ያልታወቁ ቁጥሮች ያሏቸው አሥር መስመራዊ እኩልዮሾችን ይሰጠናል። በአውቶኮሪሌሽን ዘዴ ከሠራነው ማትሪክሱ የተለየ ቅርጽ ስላለው ሌቪንሰንና ደርቢን ባገኙት አቋራጭ በፍጥነት ይፈታል። አሥሩ ቁጥሮች የአፍን ቱቦ ማጣሪያ ይወክላሉ። ከግምቱ የተረፈው ስህተት (ቅሪቱ) ደግሞ ምንጩን ይወክላል። አናባቢ ላይ ቅሪቱ በየጊዜው የሚደጋገም ምት ይመስላል፤ "ሰ" ላይ ጫጫታ ይመስላል። ሒሳቡ ከጉሮሮ ጋር ተስማማ ማለት ነው።

ለምን አሥር? ብዙ ጊዜ ይህ ቁጥር በክፍል ውስጥ "እንዲሁ የተለመደ ነው" ተብሎ ይታለፋል። ምክንያት ግን አለው። የአዋቂ ወንድ የአፍ ቱቦ ርዝመት 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ጫፉ የተዘጋ ቱቦ የመጀመሪያ ሬዞናንሱ የድምፅ ፍጥነት ለአራት እጥፍ ርዝመት ሲካፈል ነው፦ 340 ÷ (4 × 0.17) = 500 ኸርዝ። ቀጣዮቹ 1500፣ 2500 እና 3500 ኸርዝ ናቸው። ከ4000 ኸርዝ በታች አራት ሬዞናንስ አለን ማለት ነው። አንድ ሬዞናንስ ሁለት ቁጥር ይፈልጋል፤ 8 ሆነ። ለምንጩና ለከንፈር ጠቅላላ ተዳፋት 2 ሲጨመር 10። አሥሩ ቁጥር የመጣው ከሰው አንገትና አፍ ርዝመት ነው እንጂ ከሰማይ አልወረደም።

54 ቢት

ይህን ዘዴ የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1984 ኤልፒሲ-10 በሚል ስም ለአስተማማኝ ስልክ ደረጃ አድርጎ አወጣው። አሠራሩን እንይ። ንግግሩ በ22.5 ሚሊ ሰከንድ ፍሬሞች ይከፋፈላል፤ አንዱ ፍሬም 180 ናሙና ይይዛል። ለአንድ ነዛሪ ፍሬም የሚላከው ይህ ብቻ ነው፦

ለማጣሪያው አሥር ቁጥሮች፦ 41 ቢት
ለድምፁ ቅጥነትና ነዛሪ/ኢነዛሪ ለሚለው ውሳኔ፦ 7 ቢት
ለጉልበቱ፦ 5 ቢት
ለማመሳሰያ፦ 1 ቢት

ድምሩ 54 ቢት ነው። በሰከንድ 44.44 ፍሬም ስላለ 54 × 44.44 = 2400። ፍሬሙ ኢነዛሪ ከሆነ ለማጣሪያው አራት ቁጥር ብቻ ይላክና የተረፈው ቢት ለስህተት መከላከያ ይውላል። የሚላኩት ቁጥሮች ሀ1፣ ሀ2 የምንላቸው ራሳቸው ሳይሆኑ ሪፍሌክሽን ኮኢፊሸንት የሚባሉት ናቸው። ምክንያቱም እነሱ በ−1 እና በ1 መካከል እስካሉ ድረስ ተቀባዩ ዘንድ ያለው ማጣሪያ ሚዛኑን አይስትም፤ ሀ1ን በትንሹ ብናዛባው ግን ማጣሪያው ሊያፏጭ ይችላል።

ተቀባዩ ቅጹን ያነብና የራሱን ሰው ሠራሽ ጉሮሮ ያዘጋጃል። "ነዛሪ" ካለው ምት፣ "ኢነዛሪ" ካለው ጫጫታ በማጣሪያው ውስጥ ያሳልፋል። የምንሰማው የወዳጃችንን ድምፅ አይደለም፤ ወዳጃችንን የሚያስመስል ማሽን ነው። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው ስፒክ ኤንድ ስፔል የተባለ የልጆች መጫወቻ ቃላትን የሚናገረው በዚሁ ዘዴ ነበር።

ለንጽጽር የመጀመሪያውን የጂኤስኤም ኮደር እንመልከት። በሰከንድ 13,000 ቢት ነው፤ በየ20 ሚሊ ሰከንዱ 260 ቢት ይልካል። ከነዚህ ለማጣሪያው 36፣ ለድምፅ ቅጥነት ትንበያው 36፣ ለቅሪቱ ግን 188 ቢት ይውላል። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ጂኤስኤም ምንጩን "ነዛሪ ወይስ ኢነዛሪ" ብሎ በጭፍን አይፈርድበትም፤ ቅሪቱን ራሱን አቅልሎ ይልከዋል። ኤልፒሲ-10 ግን ቅሪቱን ጥሎ በምትኩ ፍርዱን ብቻ ይልካል። የሞዴሉ ድክመት የሚጋለጠውም እዚህ ላይ ነው።

ፍርዱን ለማሻሻል የተደረጉ ሙከራዎች

ኤልፒሲ-10 ንግግሩ ቢገባም ድምፁ የማሽን ነው፤ ይጎረብጣል። እ.ኤ.አ. በ1985 ሽሮደርና አታል ሴልፕ የተባለውን ዘዴ አቀረቡ። ተናጋሪው ጋ ያለው ኮደር አስቀድሞ ከተዘጋጀ የቅሪት መዝገብ ውስጥ እያንዳንዱን እየሞከረ፣ ለጆሮ ይበልጥ የሚቀርበውን መርጦ፣ የመዝገብ ቁጥሩን ብቻ ይልካል። ሙከራው በዚያን ዘመን ኃያል በነበረው ክሬይ-1 ኮምፒውተር ላይ ሲሠራ ለአንድ ሰከንድ ንግግር ከመቶ ሰከንድ በላይ ፈጅቶ ነበር። በኋላ ግን ፕሮሰሰሩም ፈጠነ፣ ስሌቱም ተሻሻለ፤ ዛሬ በሞባይል ስልክ ያሉት ኮደሮች አብዛኞቹ የሴልፕ ዘሮች ናቸው። ችግሩ ሴልፕ ከ4000 ቢት በታች ሲወርድ ለመዝገብ ቁጥሩ የሚተርፈው ቢት እያነሰ ጥራቱ መውደቁ ነው።

በ2400 ቢት በ1990ዎቹ ኤልፒሲ-10ን እንዲተካ የተመረጠው ሜልፕ የተባለው ነው። ሜልፕ ድምፁን በአምስት የፍሪኩዌንሲ ክፍሎች ከፍሎ ለእያንዳንዱ ለየብቻ "ነዛሪ ወይስ ኢነዛሪ" ይላል። "ዘ" ከታች ምት፣ ከላይ ጫጫታ እንዳለው ተገነዘበ ማለት ነው። ምቱ ያልተስተካከለ ሲሆንም የሚያመለክት አንድ ቢት ጨመረ። ይህ ትልቅ መሻሻል ነው። ዳሩ ግን ንጥረ ነገሮቹ አሁንም ሁለት ናቸው፤ ምትና ጫጫታ።

"ጠ" የት ገባ?

አሁን ወደ መነሻችን እንመለስ። ጣታችሁን ማንቁርታችሁ ላይ አድርጉና እስትንፋሳችሁን ይዛችሁ "ጥ፣ ቅ፣ ጭ" በሉ። ይሰማል፤ ማንቁርታችሁም ወደ ላይ ሲዘል ይታወቃችኋል። እንደዚያው እስትንፋሳችሁን ይዛችሁ "ስ" ወይም "ፍ" ለማለት ሞክሩ። አይወጣም።

ምክንያቱ ይህ ነው። "ጠ" ስንል ምላሳችን ከላይ ጥርስ ጀርባ ይዘጋል፤ በዚያው ቅጽበት የድምፅ አውታሮችም ግጥም ብለው ይዘጋሉ። በሁለቱ መዝጊያዎች መካከል የታሰረው አየር ማንቁርት ሲነሣ ይታመቅና ምላስ ሲለቅ ይፈነዳል። ከዚያ አጭር ጸጥታ ይከተልና አናባቢው በድንገት ይነሣል። ሳንባ በፍንዳታው ውስጥ የለበትም። በአማርኛ ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጰ እና ጸ እንዲህ ናቸው፤ ፈንጂ ድምፆች ይባላሉ። በትግርኛና በኦሮምኛም አሉ፤ ከሀገራችን ውጭ በጆርጂያና በደቡብ አሜሪካው የኬችዋ ቋንቋ ይገኛሉ። በእንግሊዝኛ ግን ቃልን ከቃል አይለዩም።

የሞዴሉ ወናፍ ሳንባ ነው፤ ምንጩም ወይ ነዛሪ ወይ ኢነዛሪ። "ጠ" ከሁለቱም አይደለም። ታዲያ ኮደሩ ሲያገኘው ምን ያደርገዋል? "ኢነዛሪ" ብሎ ይፈርድና ጫጫታ ያዝዛል። ፍንዳታው የሚቆየው ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ሲሆን ፍሬሙ 22.5 ሚሊ ሰከንድ ነው። ስለዚህ ሹል የነበረው ፍንዳታና ከሱ በኋላ የነበረው ጸጥታ ተደባልቀው ለስለስ ያለ፣ የተዘረጋ ጫጫታ ይሆናሉ። ምላስ ከለቀቀ በኋላ ትንሽ የእስትንፋስ ጫጫታ የሚከተለው ድምፅ የትኛው ነው? "ተ"! እንግዲህ ከሞዴሉ አወቃቀር የምንጠብቀው ስህተት በሁለቱም አቅጣጫ እኩል አይደለም። "ጠ" ወደ "ተ"፣ "ቀ" ወደ "ከ" ያዘነብላል፤ "መጣ" የተባለው "መታ" ሆኖ የመሰማት ዕድሉ ከተቃራኒው ይበልጣል ማለት ነው። "ጸ" እና "ሰ" ላይ ሌላ ችግር ይጨመራል፤ የነሱ ጉልበት አብዛኛው ከ4000 ኸርዝ በላይ ስለሆነ ገና ከመግቢያው ተቆርጧል።

ፍትሐዊ ለመሆን ሞዴሉ የሚያልፈውንም መናገር ይገባል። በአማርኛ ጥብቀት ትርጉም ይለውጣል፤ "አለ" ላልቶ ሲነገር "ተናገረ"፣ ጠብቆ ሲነገር "ይገኛል" ማለት ነው። ይህ የቆይታ ጊዜ ልዩነት ነው፤ የጠበቀው ድምፅ ብዙ ፍሬሞችን ስለሚሸፍን ፍሬሞቹ እስካልጠፉ ድረስ ልዩነቱ በደህና ይሻገራል። ስለዚህ "ኮደሩ አማርኛ አይችልም" ብሎ መደምደም ትክክል አይሆንም። አንዱን ይችላል፣ ሌላው ላይ ያጠራጥራል።

አንዳንዱ "ታዲያ ዐውዱ ያድነናል እኮ" ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ "የመስቀል በዓል ተከበረ" ሲባል "ተቀበረ" ብሎ የሚሰማ የለም። ነገር ግን በነዚህ ጠባብ መስመሮች የሚተላለፈው መልእክት አጭር ነው፤ የሰው ስም፣ የቦታ ስም፣ አንድ ግሥ። "ሽማግሌው ትናንት ተከበሩ" እና "ሽማግሌው ትናንት ተቀበሩ" ሁለቱም ሊነገሩ የሚችሉ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። "በሽተኛው ነቃ" ሲባል "ነካ" ብሎ የሰማ ሐኪም ደግሞ "ምኑን ነካ?" ብሎ ደግሞ መጠየቁ አይቀርም፤ መስመሩ እስከዚያው ካልተቋረጠ!

ፈተናውስ በማን ቋንቋ ነው?

አንድ ኮደር ሲመረጥ ቃላቱ ተለይተው መሰማታቸው ይፈተናል። ለረጅም ጊዜ ሲያገለግል የኖረው የታወቀው ፈተና ዲአርቲ ይባላል። የመጀመሪያ ተነባቢያቸው ብቻ የሚለያይ 96 ጥንድ የእንግሊዝኛ ቃላት አሉት። አድማጩ አንዱን ቃል ይሰማና ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ይመርጣል። ጥንዶቹ ስድስት ዓይነት ልዩነቶችን ይለካሉ፤ ነዛሪነት አንዱ ነው፣ ሰርናዊነት ሌላው ነው። ፈንጂነት ግን የለበትም፤ በእንግሊዝኛ ስለሌለ ሊኖርበትም አይችልም። ስለዚህ አንድ ኮደር በዚህ ፈተና ጥሩ ውጤት ቢያገኝ "ጠ" እና "ተ"ን ስለመለየቱ ምንም አልነገረንም። ማንም በክፋት ያደረገው አይደለም፤ ያልተጠየቀ ጥያቄ ስለማይመለስ ነው። መጠየቁ የኛ ፋንታ ነው።

ደስ የሚለው ነገር ሙከራው ውድ መሣሪያ አይፈልግም። ላፕቶፕ፣ ማይክሮፎን፣ ኸድፎንና ፈቃደኛ ጓደኞች ይበቃሉ። ዴቪድ ሮው የጀመረው ኮዴክ 2 የተባለ ኮደር ምንጩ ክፍት ነው፤ በሰከንድ ከ3200 እስከ 700 ቢት ይሠራል። ድምፁን የሚገነባው ሳይን ሞገዶችን በመደመር ቢሆንም "ነዛሪ ወይስ ኢነዛሪ" የሚለውን ፍርድ እንደ ኤልፒሲ-10 ይሰጣል። አካሄዱ እንደሚከተለው ሊሆን ይችላል፦

1. ጥንድ ቃላት ይመረጡ። ለመነሻ፦ መጣ/መታ፣ ነቃ/ነካ፣ ቀዳ/ከዳ፣ ጠፋ/ተፋ፣ በቀለ/በከለ፣ ተቀበረ/ተከበረ፣ ጥል/ትል።

2. ለማነጻጸሪያ በነዛሪነት ብቻ የሚለያዩ ይጨመሩ፦ ደፋ/ተፋ፣ ዘራ/ሠራ። እነዚህ በደንብ ተለይተው ፈንጂዎቹ ካልተለዩ ጥፋቱ የማይክሮፎኑ አለመሆኑን እናውቃለን።

3. ወንድም ሴትም ተናጋሪዎች ይቅረጹ። የሴት የአፍ ቱቦ አጠር፣ ቅጥነቷም ከፍ ስለሚል ውጤቱ ሊለያይ ይችላል።

4. ቃላቱ በኮደሩ ካለፉ በኋላ ቅደም ተከተላቸው ተዘበራርቆ ለአድማጭ ይቅረቡ። ያልተጨመቀውም ቅጂ በመካከሉ ይግባ።

5. ውጤቱ በዲአርቲ ቀመር ይሰላ፦ (ትክክል − ስህተት) ÷ ጠቅላላ × 100። ለምሳሌ ከ140 መልስ 119 ትክክል፣ 21 ስህተት ቢሆን ውጤቱ 70 ነው። ስህተት የሚቀነሰው በግምት ብቻ የመለሰ ሰው ውጤቱ ወደ ዜሮ እንዲጠጋ ነው።

6. ስህተቶቹ ወዴት እንዳዘነበሉ ይቆጠር። ከላይ ያልነው እውነት ከሆነ "ጠ"ን "ተ" ያሉት "ተ"ን "ጠ" ካሉት መብለጥ አለባቸው። ካልበለጡ ግምታችን ተሳስቷል ማለት ነው፤ ያም ቢሆን ትምህርት ነው።

ይህ ለአንድ የመመረቂያ ፕሮጀክት ከበቂ በላይ ነው። ከዚያ አልፎ ለመሄድ የሚፈልግ ደግሞ ኮደሩን ራሱን ማሻሻል ይችላል። ለምሳሌ በኢነዛሪ ፍሬም ውስጥ ጉልበቱ ድንገት ዘሎ ወዲያው ከወደቀ፣ በጫጫታ ፈንታ "አንድ ምት፣ ከዚያ ጸጥታ" ብሎ የሚያዝዝ አንድ ቢት መጨመር ይቻላል። በ54 ቢት ውስጥ አንድ ቢት ከየት ይገኛል የሚለው ግን ራሱን የቻለ ፈተና ነው።

ማጠቃለያ

ከ2016 ወዲህ ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል። በዚያ ዓመት ዌቭኔት የተባለው የነርቭ አውታር (ኒውራል ኔትወርክ) ድምፅን ናሙና በናሙና መፍጠር እንደሚቻል አሳየ። በ2019 ኤልፒሲኔት ሊኒየር ፕሪዲክሽንን ከነርቭ አውታር ጋር አጣምሮ በ1600 ቢት፣ በ2021 ደግሞ የጉግሉ ላይራ በ3000 ቢት ለጆሮ የሚስማማ ድምፅ አቀረቡ። እነዚህ የማሽን ጉርባጤ የላቸውም። ይሁን እንጂ ጥያቄያችን ከነሱ ጋርም አብሮ ይሄዳል። የድሮው ኮደር የሚያውቀው መሐንዲሱ የነገረውን ነው፤ አዲሱ የሚያውቀው የሠለጠነበትን ድምፅ ነው። ሳይለይ ሲቀር የድሮው ይጎረብጣል፣ አድማጩም ይጠራጠራል። አዲሱ ግን ጥርት ባለ ድምፅ "መታ" ሊል ይችላል፤ ያኔ የሚጠራጠር የለም።

በአጠቃላይ ዝቅተኛ ቢት ማለት ብዙ ግምት ማለት ነው። የምንቆጥበው እያንዳንዱ ቢት "ይህንንማ ተቀባዩ አስቀድሞ ያውቃል" ብለን የተውነው ነው። አስቀድሞ የታወቀው ጉሮሮ የኛንም ጉሮሮ የሚጨምር መሆኑን ማረጋገጥ ደግሞ ከኛ በቀር ማንም አይሠራልንም። ሙከራውን መሞከር የምትፈልጉ ካላችሁ ከሁለት ጓደኞቻችሁ ጋር በአንድ ከሰዓት በኋላ መጀመር ትችላላችሁ። ማን እንደመጣና ማን እንደመታ ያኔ በቁጥር እንነጋገራለን።